ድንጋይዋ እኔ ጋ ስትደርስ

አትላንታ ሆስፒታል አብራኝ የምታጸዳው ሩት ልጇ ሞተችባትና ከከተማው ወጣ ብሎ ስቶን ማውንቴን ወዳለው ቤቷ ለቅሶ ሄድኩ። ሩት ክሪክ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናት፤ ነጭ ሳይመጣ አገሩ የእነሱ ነበር። ወንበሩ ሁሉ በክብ ተደርድሯል። እኔ በር አጠገብ ገለል ብዬ ብቀመጥ ሽማግሌ አጎቷ፣ «እኛ ዘንድ ከክቡ ውጭ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ና ግባ» ብለው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። አንዲት ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ የያዛት ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። እኔ ጋ ስትደርስ ጨነቀኝ።

«ልጅቷን እኮ አላውቃትም» አልኳቸው።

«የራስህ ሰው አልሞተብህም?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የእናቴን ሞት በደብዳቤ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነበር። አገር ቤት ደርግ ነው፣ መሄድ አልችልም። ለማንም ሳልናገር በማግስቱ ሥራ ገባሁ። «እናቴ ጥሩነሽ ትባላለች» አልኩና ድንጋይዋን ጨብጬ ተንሰቀሰቅኩ። ማንም «በቃህ» አላለኝም። ልጇን የቀበረችው ሩት እንኳ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። «የእናትህን ስም ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«ቲሩነሽ» አለች እየተንተባተበች።

አሜሪካ ከገባሁ የእናቴን ስም ከሰው አፍ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።