የፍልሰታው ሽሮ

በእኛ ጊዜ ሰው ለወንጌል ሲላክ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና ብዙ ምርቃት ይሰጠዋል፣ በቃ። ሽሮ መሥራት ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ላጡ፣ ላጡ፣ ሽንኩርቱን ላጡ፣ እኔ ሳወራ እጃችሁ አይቁም። እና እኔና ጋሼ በተጋባን በዓመቱ ወደ ቆላ ስንላክ፣ አልዋሽሽም ሳሮን፣ እኔ የማውቀው እንቁላል መጥበስ ነበር፣ ጋሼ ደግሞ የሚያውቁት መብላት። ታዲያ እኛ ለሰዎቹ ነፍስ ልናስብ ሄደን እነሱ ለሆዳችን ያስቡልን ጀመር። ጎረቤቶቹ ተራ ገብተው በቆሎ ያመጡልን ነበር፣ እየሳቁ። እኔ ያን ሳቅ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ጋሼ እዚህ የሚስዮን ክፍሉ ኃላፊ ሆነው፣ እኛም ፉሪ ቤት ሠርተን ስንገባ፣ አንድ ነገር ይዤ ተነሣሁ። የሚላኩት ልጆች እንደ እናንተው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚመደቡት፣ የሚኖሩት አንድ ክፍል ነው፣ እንግዲያው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቅዳሜ እኔ ቤት ይምጡና በአንድ ምድጃ ላይ አንድ ድስት ይሥሩ አልኩ። ጋሼ ሳቁብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሐዋርያት በወጥ ነው እንዴ የተመረጡት?» አሉኝ። የእሳቸው መለኪያ ጸሎት ነው፣ አብረው ሲንበረከኩ አይቼ አውቃቸዋለሁ ይላሉ። እኔ ደግሞ ተንበርክኮማ ሁሉም መልአክ ነው፣ አንድ ማማሰያ ለሁለት ይስጧቸውና እንተያይ አልኳቸው። በዚህ ስንከራከር አረጀን። ቅዳሜዋ ግን ልማድ ሆና ቀረች። ልጆቹ ይሠራሉ፣ አብረን እንበላለን፣ እንዘምራለን፣ ጋሼ ይመርቃሉ፣ ምድቡም ያኔ ይጸናል።

ታዲያ አንድ ክረምት ዮናታንና ጳውሎስ የሚባሉ ልጆች መጡ። ዮናታን የለቡ መብራት ኃይል ልጅ ነው፣ ለእናቱ አንድ፣ ሲሰብክ ብትሰሚው ዝም ብለሽ ትከተይዋለሽ። ጳውሎስ ደግሞ ከወላይታ ገጠር የመጣ፣ አፉ ዝም ያለ፣ እጁ ግን ዝም የማይል። ወንበር ቢነቃነቅ ሳይነገረው ያጠብቃል። መካኒሳ ሥልጠናው ላይ አንድ ክፍል አስቀመጧቸውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተኳረፉ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ጳውሎስ ለልምምድ ተነሥቶ ሲሰብክ ዮናታን ከተቀመጠበት ሆኖ አማርኛውን አረመው። አንዴም አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም። በኋላማ ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ ሌላውም ሳቀ። ጳውሎስ ስብከቱን ሳይጨርስ ተቀመጠ። እኔ ያን ቀን ከኋላ ነበርኩ፣ የልጁን አንገት ነው ያየሁት፣ ትከሻው መሀል እንዴት እንደተቀበረ ብነግራችሁ። አሳዘነኝ፣ በጣም አሳዘነኝ።

ከዚያ ጳውሎስ ጋሼ ጋ ሄዶ ከዚህ ልጅ ለዩኝ አለ። ዮናታንም መጣና እሱ አኩርፎኛል፣ ከእሱ ጋር አልችልም አለ። ጋሼ ግራ ገባቸው። የሚሄዱበት ቆላ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፣ በተጠባባቂነት ያለው ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነው። «እንግዲህ ቅዳሜ አይቼ ከሁለታችሁ የባሰውን አስቀራለሁ» አሏቸው ፊት ለፊት። ጳውሎስ ለዚህ ነገር ስንት ዘመን ጠብቋል መሰላችሁ፤ አባቱ ሸኝተውት፣ ያገሩ ምእመናን ጸልየውለት ነው የመጣ። ቀርቶ ቢመለስ ምን ይላል? ዮናታንም ቢሆን እናቱ ባንክ ቤት ሥራ ያገኘችለትን ትቶ ነው። ሁለቱም ያቺን ቅዳሜ ሲጠብቋት እንደ ፈተና ነበር።

አሁን ደግሞ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። አስካለ ግድግዳ የምታዋስነን ጎረቤቴ ናት፣ ኦርቶዶክስ ናት፣ ጾሟን የማታጓድል። እኛ ስንዘምር እሷ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ግን ጋዝ ሲያልቅብኝ መጀመሪያ የምጠራው እሷን ነው። ታዲያ በጾም ጊዜ እኔ ቤት እህል ቀምሳ አታውቅም። «እናንተ ጴንጤዎች ዘይቱንም ቅቤውንም በአንድ ጭልፋ ነው የምታማስሉት» ትለኛለች። እኔም ስለምናት ስለምናት፣ በዚያች ቅዳሜ እሺ አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፍልሰታ ነበር። ደስ አለኝ እላችኋለሁ፣ ድስቱን ራሱ በሳሙና ሦስቴ አጥቤ ነው ለልጆቹ የሰጠሁት። ዛሬ ጎረቤቴ ትመጣለች፣ ጾመኛ ናት፣ ሽሮው በዘይት ብቻ ይሠራ ብዬ ተናገርኩ።

ተናገርኩ፣ ግን ዮናታን አልሰማኝም። ለምን? እናቱ ደውላለት ግቢ ወጥቶ እያወራ ነበራ! ያ ልጅ በሕይወቱ ሽሮ ሠርቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ወሽቆ እናቱ ከለቡ እየነገረችው ነበር የሚሠራው። «አሁን ሽንኩርቱ ቀላ?» «ቀላ እማ።» «ውሃ ጠብ አድርግበት።» «አደረግኩ እማ።» እንዲህ እያሉ። እኔ ሳሎን እያሰናዳሁ እሰማለሁ፣ እስቃለሁ። ጳውሎስ ዝም ብሎ ሽንኩርቱን ከትፎለት፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦለት፣ ቃሪያ ሊገዛ ወደ ሱቅ ወጣ። የፉሪን የክረምት ጭቃ ታውቁታላችሁ፣ ጫማ ነው የሚያስቀር፣ ቶሎ አልተመለሰም። እና እሱ ሳይመለስ እናትየው፣ ጴንጤ ቤት ፍልሰታ የለ፣ ምን ታውቃለች፣ «በል መጨረሻ ላይ ያቺን ንጥር ቅቤ ጣል አድርግበት» አለችው መሰለኝ። ልጄም ማቀዝቀዣዬን ከፍቶ ጣል አደረገ። ጣል ብቻ አይደለም።

ጳውሎስ ቃሪያውን ይዞ ሲመለስ ድስቱ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል፣ ሁላችንም ተቀምጠናል። አስካለ ጉንፋን ይዟት ዳማከሴ በሁለቱም አፍንጫዋ ወትፋ ነው የመጣችው፣ እሷ ምንም አይሸታትም። ጋሼ ተነሡና «እንጸልይ» አሉ።

እንግዲህ የጋሼን የማዕድ ጸሎት ታውቁታላችሁ። ትስቂያለሽ ምሕረት? ሳቂ፣ እንጀራው እስኪደርቅ ነው። ከሰሜን ይጀምራሉ፣ ክፍለ ሀገሩን ሁሉ ይዞራሉ፣ ወንዙን በስሙ ይጠራሉ፣ ድንበር ካልተሻገሩ አሜን አይሉም። እኔ ደግሞ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አልጸልይም። እሳት ላይ ነገር ያላት ሴት ሁለቱንም ዓይኗን አትጨፍንም። ስለዚህ አየሁ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

ጳውሎስ ከድስቱ አጠገብ ነበር። ጋሼ ገና ጎንደር ላይ ሳሉ አፍንጫው ተነቃነቀ። ዓይኑን ገለጠ። የድስቱን ክዳን በጣቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ አሸተተ። ዮናታንን አየው፤ ዮናታን ጨፍኖ «አዎን ጌታ፣ አዎን ጌታ» ይላል፣ ምንም አያውቅም። አስካለን አየ፤ እጇን ታጥባ፣ ዓይኗን ጨፍና አሜን እስኪባል ትጠብቃለች። እና ልጁ እዚያው ቆሞ ማሰብ ጀመረ። እኔም ምን እንደሚያስብ ገባኝ፣ ምክንያቱም ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። ቅቤ! ኮሰረት ያለበት የራሴ ቅቤ!

አስቡት እስቲ። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። «ይህ ቅቤ አለበት» ቢል ውሸት አልተናገረም፣ ጾመኛዋን አድኗል፣ ያዋረደውንም ሰው በጋሼ ፊት አዋርዶታል። ሰው መሀል እንደሳቀበት ሰው መሀል ይሳቅበት ነበር። ዮናታን ይቀራል፣ እሱ ይሄዳል። እኔ ራሴ በእሱ ቦታ ብሆን፣ እንጃ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንጃ። አፌን ልከፍት ነው፣ ልናገር ነው፣ ግን የልጁን ፊት አይቼ ጠበቅኩ።

ታዲያ ጋሼ ኬንያ ድንበር ሲደርሱ ጳውሎስ ቀስ ብሎ ድስቱን በጨርቅ ያዘ። አነሣው። ከጠረጴዛው ራቅ አደረገውና ዘቅዝቆ ደፋው። እንደ ወደቀ ነገር አይምሰላችሁ፣ ሰው ውሃ እንደሚደፋ፣ አስተካክሎ፣ አዲሷ ምንጣፌ ላይ! ከዚያ ወንበሩን ገፍቶ በጉልበቱ ዱብ አለና «ወይኔ፣ አዳለጠኝ» አለ።

ሁሉም ዓይኑን ገለጠ። ዮናታን ብድግ ብሎ «ምን ሆነሃል አንተ! ስንት ሰዓት የለፋሁበትን! ሆን ብለህ ነው» አለ። ጳውሎስ አቀርቅሮ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለ ምንጣፌን ይጠርጋል። ጋሼ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ የባሰው ማን እንደሆነ የቆረጡ መሰለኝ። አስካለ ናት ያማለደችለት። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ተዉት ልጁን» አለች በአፍንጫዋ።

እኔ አሁን ልናገር ስል፣ ትኩስ ሽሮ ሲፈስ ሽታው ይነሣል አይደል፣ ተነሣ። ቤቱን ሞላው። ጋሼ ሳይቀሩ «ይህ ነገር ቅቤ ቅቤ አይልም?» አሉ። እና ዮናታን ቀና ብሎ አስካለን አየ። በአንገቷ ያለውን ማተብ አየ። ከዚያ መሬት ላይ ያለውን ጳውሎስን አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ ብታዩት። ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ፍልሰታ መሆኑን አጥቶት አይደለም፣ አላሰበውም እንጂ። ቁጭ አለ፣ ጨርቁንም ከጳውሎስ እጅ ወሰደ።

«እማማ አስካለ» አለ፣ «ቅቤ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ አላዳለጠውም። እርስዎን እንዳላስገድፍዎት፣ እኔንም እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው የደፋው።»

አስካለ ዳማከሴውን ከአፍንጫዋ አወጣች፣ አሸተተች፣ መልሳ ወተፈችው። ተነሣችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እኔ አለቀልኝ አልኩ፣ ከእንግዲህ ይህች ሴት ደጄን አትረግጥም፣ ስንት ዘመን የለመንኳትን በአንድ ማንኪያ ቅቤ አጣኋት ብዬ እንባዬ መጣ። ትንሽ ቆይታ ግን በትልቅ ሳህን ሱፍ ፍትፍት ይዛ ተመለሰች፣ ለሁላችንም የሚበቃ። አስቀመጠችና ጳውሎስን ጠቆመችው። «እናንተ ጾም አታውቁም እያልኩ ስንት ጊዜ አማሁ። ዛሬ ግን ጾሜን የጠበቀልኝ ጴንጤ ነው» አለች። ጋሼ ልባቸው ተነክቶ ኖሮ እንደገና ሊጸልዩ ብድግ ቢሉ፣ «ጋሽ ታምሩ፣ ይሄ ተባርኮ ነው የመጣው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። በትዳር ዘመኔ ጋሼን ያስቆመ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በልተን ስናበቃ ሁለቱ ልጆች ምንጣፌን ደጅ አውጥተው ያጥባሉ፣ ጋሼ በረንዳው ላይ ቆመው «እንግዲህ ምን ላድርግ?» አሏቸው። ዮናታን ቀድሞ ተናገረ። የባስኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅር፣ እሱን ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፣ እሱ ግን አጋጣሚውን አግኝቶ ብድሩን አልመለሰልኝም አለ። ጳውሎስ ምንጣፉን እያሸ፣ እያሸ፣ ቆየ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ምን ይል ይሆን እላለሁ። በኋላ ምን አለ መሰላችሁ?

«አብረን እንሄዳለን» አለ። «ድስቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»

ሄዱ። ዛሬም እዚያው ናቸው። ጋሼ እስከ አሁን ምስክርነት ሲሰጡ ጸሎቴ መሀል ጌታ ድስቱን ገለበጠው ነው የሚሉት፣ ዮናታን የተናገረውን ሰምተውም። እኔም አልተከራከርኳቸውም፤ ጌታማ ነው፣ እጁ የጳውሎስ ሆኖ ነው እንጂ። ጸሎት የማያስፈልግ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምለው፣ ሰው ከባልንጀራው ጋር መኖር ይችል እንደሆነ የሚታወቀው የዚያን ሰው ነውር በእጁ ይዞ ሳለ በሚያደርገው ነው። ሌላው ይማሩታል። ሽሮም ይማሩታል።

ምነው እንባችሁ መጣ? ሽንኩርቱ ነው?

— እማማ፣ ሐሙስ ዕለት መጥቼ ከሌላ ልጅ ጋር መድቡኝ ያልኩዎትን ይርሱልኝ።

የቱን ምሕረት? እኔ ምንም አልሰማሁም።

— እኔም እኮ እማማ፣ አርብ ዕለት ያንኑ ነው የነገርኩዎት።

አንቺም መጥተሽ ነበር እንዴ ሳሮን? (ሳቅ) እኔ እኮ አርጅቻለሁ ልጆቼ፣ የሰው ነገር አይያዝልኝም። በሉ እንባችሁን ጥረጉና አንዳችሁ ክተፉ፣ አንዳችሁ አማስሉ። ማን የቱን እንደምትሠራ እናንተው ተነጋገሩ።