የታችኛው ምንጭ ሒሳብ

የሐምሌ ዝናብ ሰው አያከብርም። በ1976 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጎፋ ወደ መካኒሳ በእግሬ ስወርድ መንገድ ላይ ያዘኝ። ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠብኝና ሮጬ አንድ ወፍጮ ቤት በረንዳ ሥር ገባሁ። እዚያ ከእኔ በፊት የተጠለሉ ሁለት ሰዎችና አንዲት አህያ ነበሩ። አንደኛው ከጀሞ ወዲህ ባለችው መንደር የሚያርሱት አቶ ፈየራ ናቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው ጫልቱ ናት። አማርኛ አስተምሬያታለሁ፤ ያን ዓመት ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች።

እንደ መምህር ልማዴ ሰላምታውን ሳልጨርስ ወደ ጥያቄ ገባሁ። በዚያ ክረምት ጎፋ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስድስት ሳምንት የሒሳብና የስታቲስቲክስ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ተማሪ ብቻ ሲመረጥ፣ ከእኛ አንዷ ጫልቱ ነበረች። ታዲያ ረቡዕ በትምህርት ሰዓት ወፍጮ ቤት ምን ትሠራለች?

ጫልቱ አንገቷን ደፋች፤ የመለሱልኝ አባቷ ናቸው።

«አስቀርቻታለሁ፣ መምህር። ሒሳብ መስሎኝ ነበር የላክኋት፤ ለካ የሰው ልጅ ቆጠራ ኖሯል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ሦስት ሳምንት በክፍል ከተማሩ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ መርጠው፣ በየሰፈራቸው አርባ ቤት ዞረው መልሱን በሠንጠረዥ እንዲያመጡ ታዘዋል። ጫልቱ የመረጠችው «ሕፃናት የሚሞቱብን ለምንድን ነው?» የሚለውን ነው። ደብተሯን ይዛ በየደጁ እየቆመች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ልጅ እንደተወለደ፣ ስንቱ እንደሞተና ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ትጠይቅ ጀመር። በእኛ ዘንድ ደግሞ የልጅና የከብት ቁጥር አይነገርም። «ስንት ልጅ አለዎት?» ለሚል ሰው መልሱ «ይመስገን፣ አሉ» ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ፣ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ፣ ስለ ሦስቱ ልጆቼ ስጠየቅ እንዲሁ ነው የምለው። ጎረቤቶች ለአቶ ፈየራ አቤት አሉ፣ እሳቸውም ልጃቸውን በቃሽ አሉ። ሠንጠረዡ እስከ ሰኞ ካልደረሰ ግን ከትምህርቱ ትሰረዛለች፤ ወደዚያ የሚመልሳት ሁለተኛ ዕድል የለም።

ትንሽ ልነካካቸው ብዬ፣ ባለፈው ግንቦት ለሕዝብ ቆጠራ የመጡት ሰዎች ስንት ልጅ እንደጻፉላቸው ጠየቅኋቸው። ሁለት አሉኝ። በቤተሰብ ቁጥር ለሚታደለው ለኅብረት ሱቁ ስኳርስ ስንት ተመዘገበ? አራት። «ስኳሩን ያስመዘገበችው ጤናዬ ናት» ብለው በሚስታቸው አሳበቡ፤ ፈገግታቸው ግን ከጢማቸው ሥር አልተደበቀም። ወዲያው ፊታቸው ተመልሶ ጠና።

«ጨዋታውን እንተወውና መምህር፣ ንጉሥ ዳዊት እንኳ ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት ወርዷል። ያልተቆጠረ ይበረክታል። እኔ የሰው ቤት ጉድ በደብተር የሚያዞር ልጅ አላሳደግሁም።»

«አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር» አለች ጫልቱ።

«ተናገሪ። መምህርሽ ቆመው እያዩ አፍሽን አልይዝም።»

«በወንጌል መቶ በጎች ያሉት እረኛ አለ። አንዷ ብትጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሊፈልጋት ሄደ። አንዷ መጥፋቷን በምን አወቀ?»

አቶ ፈየራ ወደ ዝናቡ ተመለከቱ። እኔ የትዕግሥት ሰው አይደለሁምና «ቆጥሮ ነዋ» አልኩ። መልሱን ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ይሻል ነበር፤ የመምህር ነገር፣ ዝም ማለት ይከብደናል።

«እሺ ቆጠርሽ» አሉ አቶ ፈየራ፤ «የሞተውን ይመልሰዋል?»

«አይመልሰውም፣ አባባ። የሄደበትን መንገድ ግን ያሳያል።»

ከነጠላዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። በእርሳስ የተሠመረ ሠንጠረዥ ነው፤ የአንድም ሰው ስም የለበትም፣ ቤቱ ሁሉ በቁጥር ብቻ ተጽፏል። የሰው ገመና እንዳይወጣ እንዲህ አድርጉ ተብለው መማራቸውን ስትነግራቸው አባቷ ጥቂት ለዘብ አሉ። ከዚያ ያገኘችውን ተራ በተራ አስረዳች። ከላይኛው ምንጭ የሚቀዱ ሃያ ሁለት ቤቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ኀምሳ ስምንት ልጆች ወልደው አምስት ቀብረዋል። ከብት ከሚጠጣበት ከታችኛው ምንጭ የሚቀዱት አሥራ ሰባት ቤቶች ግን አርባ ስድስት ወልደው አሥራ አራት ቀብረዋል። ከላይኛው ከአሥራ ሁለት ልጆች አንድ ገደማ፣ ከታችኛው ከሦስት አንድ ገደማ መሆኑ ነው።

ያን ቀን ስታቲስቲክስን ከልቤ አከበርኩት። ሁላችንም በየለቅሶው እየተቀመጥን አልቅሰናል፤ ለቅሶዎቹን ሰብስቦ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን አልነበረም።

አቶ ፈየራ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካሰቡ በኋላ «የላይ ሰፈር ሰዎች መሬታቸው ጥቁር አፈር ነው። ጠግበው ያድራሉ፣ ልጃቸውም ይጠነክራል። ውኃውን ምን አስወቀሰው?» አሉ።

ጫልቱ ፊቷ በራ። «አባባ፣ የክረምቱ መምህራችንም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ በታች ሰፈር እየኖሩ ከላይኛው ምንጭ የሚቀዱ ሰዎችን ፈለግሁ። እትዬ ዙሌካ ፈቅደውልኛልና ስማቸውን ልጥራ፤ በቦይ ውኃ ከጎረቤት ከተጣሉ ወዲህ ወደ ታችኛው ምንጭ አይወርዱም፤ ልጆቻቸውን ዳገት አስወጥተው ከላይኛው ያስቀዳሉ።»

«የዙሌካን ልጆች የጠበቃቸው ጸሎቷ ነው ስንል ነበር።»

«ጸሎታቸውን እግዜር ይስማው። አንድ ቤት ግን ማስረጃ አይሆንም ተብለናል። እንደሳቸው ያሉ አራት ቤቶች አገኘሁ። መሬታቸው የእኛው ቀይ አፈር፣ ጓዳቸውም እንደኛው ነው። አሥራ አንድ ልጆች ወልደው የሞተባቸው አንድ ብቻ ነው።»

አቶ ፈየራ ደብተሩን ተቀበሏት። ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ተምረዋል፤ በሻካራ ጣታቸው መሥመሮቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ ወረዱ። ከታች ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። አርባኛው መሥመር ባዶ ነበር።

«ይህስ የማን ቤት ነው?»

«የኛ ነው።»

«የኛን እኮ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ግን ባለቤቱ ያልነገረኝን አልጽፍም።»

ወፍጮው ሥራውን ጨርሶ ዝም አለ። «የዱቄቱ ባለቤት ማን ነው?» እያሉ ከውስጥ ሲጣሩ አቶ ፈየራ አልሰሙም። እኔም ለአንድ ጊዜ እንኳ አፌን ያዝኩ።

«እርሳስ አለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ጻፊ። በእነዚህ አምስት ዓመታት ሦስት ወለድን። በንቲን ቀበርን። ሌላዋ ስም ሳይወጣላት ሄደች። ከሦስቱ የቀረችን ትንሿ ገዲሴ ናት፤ እሷም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሆዷን ያማታል።» ፊታቸውን ወደ አህያዋ አዞሩ። ጫልቱ እያለቀሰች ጻፈች። እኔም ዓይኔን የጠረግሁት በዝናቡ እያሳበብሁ ነው።

«ዛሬ ማታውኑ እንስራው ይደፋ» አሉ ጥቂት ቆይተው። «አንቺ ነገ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ። የላይኛውን ምንጭ እኔ በአህያ እቀዳለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ገዲሴ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ዳነች፤ የጫልቱም ሠንጠረዥ አርባ ቤት ሞልቶ ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጫልቱ ውጤቱን አነበበች። አንድ የተከበሩ አዛውንት ተነሥተው «አባቶቻችን ከዚህ ውኃ ጠጥተው አርጅተዋል፤ እኔም ይኸው ሰማንያ ደፈንኩ» ሲሉ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ያኔ አቶ ፈየራ ተነሡ።

«ያረጁትንማ እናውቃቸዋለን፣ ከመካከላችን ተቀምጠዋል» አሉ። «ያላረጁትን ነበር የሚቆጥርልን ያጣነው። እኔ ከደጄ ሁለት አሉኝ። ከእናንተስ?»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «ሦስት» አለች። አንድ ጎልማሳ ቀጠለ፣ ሌላውም ቀጠለ።

በማግሥቱ የታች ሰፈር ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወረደ። ምንጩ ታጠረ፣ ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነባ፣ ለከብቱ ከታች ገንዳ ተሠራለት። ውኃ አፍልቶ ለሕፃን መስጠትም ልማድ ሆነ። ልጅ ቢቆጠርም መቅሠፍት አልወረደም። ትምህርት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ እንስራ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ የሚችል ትምህርት። ልጆቻችሁን ለክረምቱ እርሻ ብላችሁ ከእንዲህ ያለው ትምህርት የምታስቀሩ ወላጆች፣ አረሙን ለጥቂት ሳምንት እናንተው ቻሉት።

በተከታዩ ክረምት ከታች ሰፈር የተቀበረ ሕፃን አንድ ብቻ ነው። ያንንም ጫልቱ ጽፋዋለች።