ለጥናት የቀዳሁት ደም

አንዲት እናትን ዋሽቼ አውቃለሁ። በምሠራበት ሆስፒታል፣ ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ የገባባቸው ሕፃናት ይጠኑ ነበር። ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከለው አንቲኦክሲደንት ምን ያህል እንደሚወርድባቸው ለማወቅ ደም እንቀዳለን። እናትየዋን አስረድቼ ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ማስረዳቱ ደከመኝና "ልጅሽ እንዲድን ነው" ብዬ ቀዳሁ። ልጁም ድኖ ወጣ።

ከወራት በኋላ ያችው እናት ከገጠር፣ ከጓሳ በኩል ጎረቤቷን አስከትላ መጣች። ጎረቤቷ ያዘለችው ሕፃን ይፋጃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ቶሎ አልጋ ይዞ ይተኛ" ስል ጎረቤትየዋ፣ "የለም ሲስተር፣ ገብሱ አልታጨደም። መጥፎ ደሙን ብቻ ቅጂለትና እንሂድ" አለችኝ።

"ካንቺ ወዲያ አጋሚ የለም ብያታለሁ!" አለች የመጀመሪያዋ እየሳቀች። ለካ እንደ ዋግምት የተበላሸውን ደም ስቤ ያዳንኩላት መስሏት ኖሯል።

"ያ ደም ለጥናት ነበር። ልጅሽን ያዳነው እዚህ ተኝቶ የወሰደው መድኃኒት ነው። ዋሽቼሻለሁ" አልኳት።

ጎረቤትየዋ ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ታዲያ አሁንስ በምን እንመንሽ?" አለች። የዋሸኋት እናት ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

"አውርጂው እቴ። ውሸት ቢሆን በራሷ ላይ አታወራም ነበር።"

ሕፃኑን አስተኛነው፤ መድኃኒቱም ደረሰለት። የዋሸኋት እናት ግን ቀና ብላ ሳታየኝ ሄደች፤ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።