ሙሽራውን ከማዶ የሳበች ካሜራ

እስቲ ጠጋ በሉ! አንተም ሳቅህን ዋጥ አድርግ፤ ስጨርስ ትስቃለህ። የወንድሜ ልጅ የየሺ ሰርግ ነው፣ እዚያ ማንኩሳ አጠገብ። የቤተሰቡ ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ፤ ባለ ፊልም ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዳሱ ውስጥ ጎምለል እላለሁ። የሚስቴ ወንድም አለልኝ ከቡሬ አንዲት የፕላስቲክ ዲጂታል ካሜራ ይዞ ከች አይል መሰላችሁ! አፍንጫዋን ዝዝዝ አድርጎ ሲያወጣው የዝሆን ኩምቢ ያክላል። "ርካሽ ናት፤ ግን ከማዶ ትስባለች" አለ። ሰው ሁሉ እኔን ትቶ ወደ እሱ!

"እስቲ ዳሱ ውስጥ አንሳባት!" አልሁት። ቢያነሳ ሴቶቹ ጉም ውስጥ የቆሙ መሰሉ። "ይኸው! ጨለማ አትችል፤ ስትስባት ደግሞ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች!" ብዬ ጮኽሁ። ይኼኔ ሙሽራው ከነአጃቢው ከወንዙ ማዶ ብቅ አለ፤ ለእኛ ዓይን ጉንዳን ነው የሚመስለው። አለልኝ ካሜራዋን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሙሽራውን ስቦ ቀጭ አደረገና ሙሽሪት ወዳለችበት ጓዳ ሮጠ። እኔም ተከተልሁት። የሺ እኮ ባሏን በሽማግሌ ወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ካሜራዋ ጀርባ ላይ ባለችው መስታወት ትክ ብላ አየችውና ጥርሷ ሁሉ ወጣ።

"አንቺ፣ ይኼ እኮ ደብዛዛ ነው! ጥርት ያለውን እኔ አነሳዋለሁ፤ ባሕር ዳር ልኬ ሳሳጥበው ታይዋለሽ" አልኋት።

"አጎቴ" አለች ዓይኗን ሳትነቅል፣ "የእርስዎ ካሜራ ባሌን እስኪያሳየኝ እኔ ወልጄ ክርስትና አስነሳለሁ።"