ላልተጠየቀ ጥያቄ ሃያ መልስ

በአንድ የካቶሊክ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ፤ የላቲን መምህሩ አባ ሥዩም የፈተና ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል፤ ላቲን ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ የተፈተነው እንድርያስ ፊታቸው ቆሟል።

አባ ሥዩም፦ "ላውዳቱር" ብዬ ጠየቅሁህ። አንድ ቃል ናት። ምን ብለህ ተረጎምካት?

እንድርያስ፦ "ከተማዋ በጠላት ተይዛ ነበር።"

አባ ሥዩም፦ "ላውዳቱር" ማለት "ይመሰገናል" ነው። ከተማዋን ከየት አመጣሃት? ጠላቱስ ምን ሊሠራ ገባ?

እንድርያስ፦ ተደራጊ ግሥ መሆኑን ግን አልሳትኩም፣ አባ። የተያዘውም የሚመሰገነውም ያው ተደራጊ ነው።

አባ ሥዩም፦ ጊዜውስ? አንዱ አሁን ነው፣ አንዱ ካለፈም ያለፈ። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። "ይመሰገን ነበር" የሚለውን ወደ ላቲን መልስ አልኩህ፤ አንተ "ደብዳቤዎቹ ይጻፋሉ" ብለህ አረፍከው። ላቲኑ ደግሞ አንዲት ስህተት የለበትም።

እንድርያስ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

አባ ሥዩም፦ እያሞገስኩህ አይደለም። ሃያውም እንዲሁ ነው። የዓምናውን ፈተና መልስ ከአንድ እስከ ሃያ በተራ ዘርግፈህልኛል።

እንድርያስ፦ ፈተናው ይቀየራል ብዬ መቼ አሰብኩ? ከእርስዎ በፊት ከነበሩት መምህር ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም ይባላል።

አባ ሥዩም፦ ማነው የሚለው?

እንድርያስ፦ ይባላል፣ አባ። አድራጊው አልተጠቀሰም።

አባ ሥዩም፦ ይህቺን ወረቀቱ ላይ ብትጽፋት አንድ ነጥብ እሰጥህ ነበር። ለምን እንደቀየርኩት ልንገርህ? ስንት ዓመት ሙሉ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ተማሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። ከአንድ ቦታ ካልተቀዳ እንዲህ አይሆንም። መልሱን ማን ሰጠህ?

እንድርያስ፦ እሱን አልናገርም።

አባ ሥዩም፦ እንግዲያው ማክሰኞ የመምህራን ጉባኤው ሲቀመጥ "ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ" እላለሁ። ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው።

እንድርያስ፦ አባ፣ ቄስ መሆን እፈልጋለሁ። ሆስፒታል ስንሄድ በሽተኞቹ እኔን ነው የሚጠሩት፤ ለቅሶ ቤትም የምለው አላጣም። ይሄ "ቱር፣ ቱር" የሚለው ነገር ብቻ ነው ያሸነፈኝ። ፈርቼ ነው ያደረግኩት። ግን ሰው አሳልፌ አልሰጥም፤ ከማዕድ ቤት ያስወጧቸዋል።

አባ ሥዩም፦ ከማዕድ ቤት?

እንድርያስ፦ አመለጠኝ።

አባ ሥዩም፦ ወጥ ሠሪዋ እትዬ ብርቄ ከመቼ ወዲህ ነው ላቲን ያወቁት?

እንድርያስ፦ እሳቸውማ አያውቁም። አንድ አሮጌ ወረቀት ሽሮ ጣሳ ውስጥ አላቸው። በላቲን የተጨነቀ ተማሪ ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም፣ ያወጡለታል። እሱም አንድ ጆንያ ድንች ይልጥላቸውና ቀድቶ ይመልሳል።

አባ ሥዩም፦ መጀመሪያ የጻፈውስ? ሰባተኛው ላይ የሳተው ደንቆሮ ማነው?

እንድርያስ፦ ይቅርብዎ፣ አባ።

አባ ሥዩም፦ ቄስም ሆኖ ቢሆን ጉባኤ ፊት አቆመዋለሁ።

እንድርያስ፦ ሆኗል።

አባ ሥዩም፦ ስሙን ንገረኛ።

እንድርያስ፦ እትዬ ብርቄ ስሙን አይጠሩም። "እሱም ሁለቴ ወድቆ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት እየላጠ ነው የጻፈው፤ ሲያለቅስ ከሽንኩርቱ ይሁን ከላቲኑ አልለይም ነበር" ነው የሚሉት። "አሁን በተራው ላቲን እያስተማረ የሰው ልጅ ያስለቅሳል፤ ሽሮዬን ግን እስከ ዛሬ ሳያስደግም አይነሳም" ይላሉ።

አባ ሥዩም፦ እህ…

እንድርያስ፦ ጉባኤው ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው ያሉኝ፣ አባ?

አባ ሥዩም፦ ሰባተኛውን ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?

እንድርያስ፦ "ተልከዋል" መሆን ሲገባው፣ "ይላካሉ"።

አባ ሥዩም፦ ወጡ ሲቀርብ ቸኩዬ ይሆናል። ስማኝ። ሰኞ ጠዋት በአዲስ ጥያቄ ትፈተናለህ። ካልቻልክ ትወድቃለህ፤ ያኔ ለእትዬ ብርቄም ብዬ አልምርህም።

እንድርያስ፦ በሦስት ቀን ማን ያስችለኛል?

አባ ሥዩም፦ እኔ ነኛ። ከአሁን ጀምሮ፣ ማዕድ ቤት። ሂድና እትዬ ብርቄን፣ ሁለት ቢላዋ ያዘጋጁልን በላቸው።