የፈርዖን ምርቃት

አቶ ገሰሰ ዮርዲን ያገኟት ጀርመን አገር፣ ወደ ፌኸንሃይም ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ በአጋጣሚ ነበር። ዮርዲ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የምትከታተል ወጣት ናት። እርሳቸው ደግሞ ፍሉግሃፈን በሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ወለል ያጸዱ፣ ከጀርመንኛው ለሥራ የምትበቃቸውን ያህል ብቻ ይዘው ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ የለም?» አለች፣ ተነሥታ ወንበሯን እየለቀቀችላቸው።

«ኩንዲጉንግ ላኩብኝ፤ ያለ ፈቃድ ቀርተሃልና ተሰናብተሃል ይላል» አሉና ደብዳቤውን አሳዩአት። «የጽሕፈት ቤት ስሕተት ነው። አገር ቤት እናቴ ስትሞት ኡርላውብ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ብጠይቀው፣ አለቃዬ ራሱ ‹ሂድ! እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን! ቤተሰብህንም ሰብስበህ ሂድ!› ብሎ መርቆ ሸኘኝ። ከዕረፍት ሲመለስ ያስተካክልልኛል።»

«ሲናገር ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ቀልቷል። ጮኾም ነበር። ቢሆንም የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል። ፈርዖን እንኳ ከነክፋቱ ሙሴን ‹እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን› ብሎ መርቋል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ አሥር።»

ዮርዲ ምዕራፉን ከስልኳ ላይ ገለጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቃሉ እዚያ ላይ አያበቃም። ‹ከነልጆቻችሁ የምለቃችሁ ከሆነማ እግዚአብሔር ይሁናችሁ!› ማለቱ ነው፤ እንደማይለቃቸው እያወቀ። ወዲያው ክፋት አስባችኋል አላቸው፤ ከፊቱም አስባረራቸው። የመረቀ ሰው ያባርራል?»

«ንጉሥ ነው፤ ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል።»

«በአንድ ትንፋሽ? ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር እናቱ ‹አበጀህ! የቀረውንም ድገም!› ትለው የለ? ያ ምርቃት ነው?»

«ሽሙጥማ የእኛ ነው፣ ልጄ። ፈረንጅ የሆዱን በአፉ ነው የሚናገር።»

«ፈረንጅም ይሸሙጣል፣ ጋሼ። የተቆጣ ሰው የእግዚአብሔርን ስም ሲጠራ፣ ከስሙ ይልቅ ቁጣውን ያድምጡ።»

አቶ ገሰሰ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደግ ቃል የጠማው ሰው ስድብንም እንደ ምርቃት ይጠጣል። በዚያ የሐዘን ሳምንት በዚህ አገር እግዚአብሔርን የጠራላቸው ያ አለቃ ብቻ ነበር።

«እየቀለደብኝ ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። «በእናቴ ሬሳ ላይ።»

«ደብዳቤው መቼ ደረሰዎ?»

«ከቀብር በተመለስኩ ማግሥት። ዛሬ ሃያ አራት ቀኑ።»

ዮርዲ በሚቀጥለው ፌርማታ አውርዳ ለሠራተኞች ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰደቻቸው። አማካሪዋ ቀኑን ቆጠረች። ለሥራ ፍርድ ቤት አቤት የሚባለው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሦስት ቀን አልፎታል።

«ምርቃቱን ስጠብቅ አለፈኝ» አሉ አቶ ገሰሰ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቋንቋ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ሽቫንሃይም ካለ መጋዘንም ሥራ አገኙ። ለአገራቸው ልጆችም እንዲህ ይሉ ነበር፦ «መጽሐፍ ስታነቡ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አንብቡ። አለቃ ሲናገራችሁ በጽሑፍ ይስጠኝ በሉ። የተጻፈ ፈቃድ ያስከብራል፤ የተጻፈ ክልከላም ቢሆን ከሥራ መፈናቀል ያድናል። ደብዳቤም ሲደርሳችሁ በዕለቱ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።»

የእናታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ ከአዲሱ አለቃቸው ዕረፍት ጠየቁ። አለቃው ሳቀ፤ «ሂድ፣ ሂድ፣ መልካም መንገድ!» አለ። አቶ ገሰሰ ቅጹን ዘረጉለት። ሳቁን አቁሞ ጻፈበት።

ማንም ሳያነብላቸው ራሳቸው አነበቡት። አይፈቀድም ይላል። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እንጀራቸው ተረፈ፤ የእናታቸው ሙት ዓመት ግን ያለ እርሳቸው ወጣ።