አቶ ዋርፋ ለቦዩ የሰጡት መድኃኒት

ከድሬዳዋ ዳር ባለችው መልካ ጀብዱ የአቶ ዋርፋን ያህል ለውሃ የሚጠነቀቅ ሰው አይገኝም። ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው ፍሳሽ ኩሬ ውስጥ ዘቅጦ በሚወርድበት ቦይ ዳር ቁጢጥ ብለው አንድ ፌስታል መድኃኒት ያፈሱ ነበር። ጎረቤት ሲድን ወይም ሲሞት የተረፈውን እንክብል ለእሳቸው መስጠት የሰፈሩ ልማድ ነው። እሳቸውም ሕፃናት እንዳይውጡት በማሰብ ቀፎውን አንድ በአንድ ከፍተው፣ ዱቄቱን «ቢስሚላህ» ብለው ለቦዩ ይሰጣሉ። ቦዩ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ወረድ ብሎ የራሳቸውን የቃሪያና የሰላጣ መደብ ያጠጣል።

«አብቲ! ምን እያደረግክ ነው?»

ቀና ሲሉ የእህታቸው ልጅ ፋርሂያ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የከተማውን ፍሳሽ በሚያጠና ቡድን ውስጥ ትሠራለች፤ የመጣችውም ከቦዩ ውሃ ቀድታ ለምርመራ ልትወስድ ነበር። አጎቷን እዚያ አገኛለሁ ብላ አላሰበችም። በድሬ አንቱታ ለእንግዳ ነው፤ የእናትን ወንድም «አብቲ» ካሉት አክብሮቱ እዚያው ውስጥ አለ።

«የሰው አደራ እያስወገድኩ ነው» አሉ። «ልጅ እጅ ከሚገባ ውሃ ይውሰደው።»

«የት ነው የሚወስደው?»

«ወደ ታች።»

«ከታች ማን አለ አብቲ?»

አቶ ዋርፋ ቦዩን ተከትለው ቁልቁል ተመለከቱ። ከታች ያለው ቃሪያቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ሙኒያም እዚያው ስታርም እግሯን ስለት ቆርጧት፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዳ እንኳ ቁስሉ አልድን ካለ ወር አልፎታል። እስካሁን ታነክሳለች።

«ስሚኝ ልጄ፣ ማን ይናገር የነበረ። ውሃው ኩሬ ውስጥ ሰንብቶ ጠርቶ ነው የሚደርሰን። ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው ካልተለወጠ ለውዱእ እንኳ ይሆናል፤ ምን እንከን ይወጣለታል?»

«የውዱእን ነገር ለሼኮቹ እተወዋለሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ጀርም ነው። ኩሬው ጭቃውን ያስቀራል። መድኃኒቱ ግን ሟሙቶ ያልፋል፤ አይታይም፣ አይሸትም። የአንተ ብቻ አይደለም፤ ከከዚራ ሰፈር እስከ ታይዋን ገበያ ሰው የዋጠው ሁሉ ከፊሉ በሽንት ወጥቶ እዚህ ይደርሳል።»

«አቦ፣ መድኃኒት ጀርም ይገድል የለ! ቦዩንም ያክመዋላ።»

ፋርሂያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በወጉ ሲወሰድ ይገድላል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲደርሰው ግን ጠንካራው ጀርም ይተርፋል፤ ይለምደዋል። ነገ በሽታ ሆኖ ሲመጣ ያው መድኃኒት አይነካውም።»

አቶ ዋርፋ በጉንጫቸው የያዙትን ጫት ወደ ሌላው ጉንጭ አዛውረው አሰቡ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «ወላሂ እንደኔ ነው በይኛ! ጎረምሳ ሳለሁ በአንድ ዝንጣፊ እመረቅን ነበር። ዛሬ እቅፍ ሙሉ ቅሜ አዛጋለሁ!»

«ልክ ነህ። ልዩነቱ፣ ጀርም ይህን አመሉን ለልጆቹ ያወርሳል።»

ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «የሙኒያ እግር...»

«ከዚህ ቦይ ነው ብዬ አልምልም፤ ሳይመረመር አይታወቅም። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እንውሰዳት፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት ቁስሉ ተመርምሮ ይለይ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሽማግሌው ሕፃናትን ሊያድኑ ያደረጉት ነገር ተመልሶ ወደ ቤታቸው ይመጣ ይሆናል ብለው አንድም ቀን አላሰቡም። አሁን ሲያስቡት ደነገጡ።

«የገባውንስ ማን ያወጣዋል?»

«ከሰል።»

«ልብስ የሚያጠቁር ከሰል ውሃ ሊያጸዳ?»

ፋርሂያ ተለይቶ የተዘጋጀ ጥቁር የከሰል ፍርፋሪ የሞላ፣ ታቹ የተበሳ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች። ከቀሩት እንክብሎች የአንዱን ቀይ ቀፎ በአንድ ኩባያ ውሃ አሟሙታ፣ የቀላውን ውሃ በከሰሉ ውስጥ አሳለፈችው። ከታች የወጣው ውሃ ነጣ ብሎ ታየ። አቶ ዋርፋ ኩባያውን ወደ ፀሐይ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ቀለሙ ጠፋ ማለት ሁሉም ጠፋ ማለት አይደለም» አለች። «መለካት አለበት፤ ከሰሉም ሲጠግብ መቀየር አለበት። ቡድናችን መሞከሪያ ቦታ አጥቷል። ከመደብህ ራስጌ ትንሽ ብትሰጠን...»

«ሀዬ፣ እሺ! ቃሪያው ጠጋ ይበል።»

በሁለተኛው ጁምዓ አቶ ዋርፋ መስጊዱ በር ላይ ክዳን ያለው ባልዲ ይዘው ቆሙ። «የተረፈ መድኃኒት ለውሃ አትስጡ፣ ለእኔ ስጡኝ፤ ጤና ጣቢያ ያስወግደዋል። ከሁሉ በላይ ግን አታስተርፉ! ሐኪም ያዘዘውን ጨርሱ» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያዙት።

ማጣሪያው ተሠርቶ የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ፣ ከከሰሉ በታች በተቀዳው ውሃ ውስጥ መድኃኒቱ በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ፋርሂያ ወረቀቱን ይዛ አጎቷ ቤት ገባች። «ይህ በከተማው ሁሉ ቢሠራ ገበሬው በበጋም ሳይሳቀቅ ያጠጣል፤ እናትም ለልጇ የገዛችው መድኃኒት ይሠራላታል» አለቻቸው።

አቶ ዋርፋ ግን የሚሰሟት በአንድ ጆሮ ነበር። ሐኪሙ ለይቶ ያዘዘላትን መድኃኒት ሙኒያ በእሳቸው እጅ ስትወስድ ሰንብታ፣ ያን ዕለት የመጨረሻዋን ዋጠች። ቁስሉ ደርቋል። ልጅቷ ሳታነክስ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው የተረፈውን ሊሰበስቡ የሙኒያን መድኃኒት ፌስታል መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፤ አራገፉት። ምንም አልወደቀም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ባዶ መዳፋቸውን እያዩ።